ጭነት ያልተሸከመ ቅስት አይፈተንም
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሐኪም ሳልሆን ስለ አጥንት ለመናገር መቆሜ ያስገርማችሁ ይሆናል። ይሁን እንጂ የማወሳው ጉዳይ ከሙያችን የራቀ አይደለም፤ ስለ ቅስትና ስለ ጭነት ነውና።

ከሦስት ዓመት በፊት ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ በሚወስደው መንገድ ዳር የውሃ ማሳለፊያ ስናሠራ ከመሰላል ላይ ወደቅሁ፤ ቀኝ እግሬም ከሥሬ ታጠፈ። በአንድ ክሊኒክ ተኝቼ ራጅ ተነሣሁና «ወለምታ ነው» ተባልሁ። ወጌሻ ተጠርቶልኝ ታሸሁ። ነገር ግን ውስጥ እግሬ በልዞ ነበር፤ በጣቶቼ መቆምም አልቻልሁም። ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ሐኪሙ ቆሜ ራጅ እንድነሣ ባዘዘ ጊዜ፣ በአውራ ጣትና በሁለተኛው ጣት አጥንቶች ሥር መካከል ክፍተት ታየ።

ይህ ውልቃት በፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም በዣክ ሊስፍራንክ ስም ይጠራል። ከስብራት ሁሉ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ሆኖም ከ5 ሕመምተኞች የአንዱ ያህል በመጀመሪያው ምርመራ ሳይታወቅ ያልፋል። ምክንያቱ ለእኛ ግልጽ ነው። የእግር መካከል እንደ ድንጋይ ቅስት የተሠራ ሲሆን፣ የሁለተኛው ጣት አጥንት ሥር ቅስቱን እንደሚቆልፈው የመካከል ድንጋይ በሽብልቅ መሰል አጥንቶች መካከል ገብቶ ይቀመጣል። ይህንንም ከውስጠኛው ሽብልቅ ጋር የሚያስረው አንድ ብርቱ ጅማት ነው። ጅማቱ ሲበጠስ ቅስቱ ይላላል፤ ሰው ሲተኛ ግን ጭነት ስለሌለበት ደህና ይመስላል።

አጥንቱ ካልተለያየ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በጄሶ ታስሮ ሳይረገጥበት ይድናል። ከ2 ሚሊሜትር በላይ ከተለያየ ግን ብዙውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ተመልሶ በብሎን ወይም በብረት ሰሌዳ ይታሰራል። እኔም በብሎን ታስሬ ሁለት ወር በምርኩዝ ሄድሁ፤ ያለ ሥጋት መርገጥ የቻልሁት ዓመት ሊሞላኝ ሲል ነው። ዛሬም ቁልቁለት ስወርድ ያመኛል።

ወጌሻን ለመንቀፍ አልተነሣሁም፤ ሐኪም በራቀበት ዘመን ሕዝቡን አገልግሏል። ዳሩ ግን ከመጠን በላይ ጠብቆ የታሰረ ቀርከሃ የደም ዝውውርን ዘግቶ እግር እስከ ማስቆረጥ እንደሚያደርስ የአገራችን ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። ዛሬ በሆሳዕና የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ።

እኔ ደመወዜ ሳይቋረጥ ተኛሁ። ያን ቀን አጠገቤ ድንጋይ ይጠርብ የነበረው የቀን ሠራተኛ ቢወድቅ ኖሮ ሁለት ወር መቀመጥ ይችል ነበርን? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሕክምናውን ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን ያዛል። ስለዚህ አደራ የምላችሁ ይህን ነው፦ ያልተፈተነ ድልድይ ላይ ፊርማችንን እንደማናኖር ሁሉ፣ የወደቀ ሠራተኛንም «ወለም ብሎህ ነው፤ ይሻልሃል» ብለን አንሸኘው።