ሰብረው ያጠነከሩት፦ የዋይፋይ ቁልፍ ታሪክ



በሽቦ የሚሄድን መልእክት ለመጥለፍ ሽቦው ድረስ መምጣት ያስፈልጋል። ከራውተር የሚወጣውን የሬዲዮ ሞገድ ግን ግድግዳ አይገታውም፤ ሳሎን ውስጥ የተላከው ከአጥር ውጭም ይደርሳል። የዋይፋይ መሐንዲሶች ይህ አልተሰወረባቸውም። 802.11 የሚባለውን መመዘኛ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲያወጡ «ዌፕ» የተሰኘ የምስጠራ ዘዴ አብረው አወጡ፤ ዓላማው ሞገዱን የሽቦ ያህል ምስጢር ጠባቂ ማድረግ ነበር። አልሆነም። ዛሬ ቤታችን ያለው ራውተር የሚታመን ከሆነ፣ ያንን ውድቀት በአደባባይ ያሳዩን ሰዎች ውለታ ነው።

የዌፕ ቁልፍ መጀመሪያ 40 ቢት ብቻ ነበር፤ የአሜሪካ መንግሥት ያኔ ጠንካራ ምስጠራ ወደ ውጭ እንዳይሸጥ ይገድብ ነበርና። ትልቁ ሕመም ግን የቁልፉ ማጠር አይደለም። እያንዳንዱ ፓኬት (የመልእክት ቁራጭ) በተለያየ መንገድ እንዲመሰጠር ቁልፉ ላይ 24 ቢት የሆነ ተለዋዋጭ ቁጥር ይጨመራል። 24 ቢት ማለት 16.7 ሚሊዮን ያህል ምርጫ ነው። ብዙ ይመስላል፤ ሥራ የሚበዛበት ኔትወርክ ግን በሰዓታት ውስጥ ይጨርሰውና ቁጥሮቹ መደገም ይጀምራሉ። ቁጥሩ የሚጓዘው ደግሞ ሳይመሰጠር ነው። የተደገመበትን ጊዜ ጠብቆ ሁለቱን ፓኬቶች ያነጻጸረ ሰው የተደበቀውን መልእክት ማውጣት ይችላል። ኒኪታ ቦሪሶቭ፣ ኢያን ጎልድበርግና ዴቪድ ዋግነር ይህን በ2001 ጽፈው አሳተሙ። በዚያው ዓመት ፍሉረር፣ ማንቲንና ሻሚር የባሰውን አመጡ፤ ከእነዚህ ቁጥሮች አንዳንዶቹ ራሱን ቁልፉን ያሾልካሉ። በ2007 የዳርምሽታት ተመራማሪዎች 104 ቢት የሆነውን ረጅሙን የዌፕ ቁልፍ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አወጡት።

የራስን ወገን ሥርዓት ለመፈተሽ ብሎ መስበር ከዋይፋይ በፊትም የነበረ ሥራ ነው። ፖል ካርገርና ሮጀር ሼል በ1974 ለአሜሪካ አየር ኃይል መልቲክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት መርምረው ቀዳዳዎቹን ዘርዝረዋል። በ1993 ደግሞ ዳን ፋርመርና ቪትሰ ቬነማ የኮምፒውተር ኃላፊዎችን «ራሳችሁን እንደ አጥቂ ሆናችሁ ፈትሹ» የሚል ምክር ይዘው ቀረቡ። ይህን ማስተማር ሌባን ማስታጠቅ ነው የሚሉ ዛሬም አሉ። እኔ አልስማማም፤ ማስረጃዬም ራሱ ዌፕ ነው። ድክመቱ ከታወቀ ከዓመታት በኋላ ቲጄኤክስ የተባለው የአሜሪካ የችርቻሮ ኩባንያ በመደብሮቹ ውስጥ ዌፕን ይጠቀም ነበር። ከ2005 ጀምሮ ሌቦች በዋይፋዩ ገብተው ቢያንስ የ45.7 ሚሊዮን የባንክ ካርዶችን መረጃ ወሰዱ። የወንበዴዎቹ መሪ በ2010 የ20 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ያን ያህል ሰው የተጎዳው ተመራማሪዎቹ ስለተናገሩ ሳይሆን የተናገሩት ስላልተሰማ ነው።

የዌፕ ምትክ እኮ ነበር። ደብሊው ፒ ኤ በ2003፣ ደብሊው ፒ ኤ 2 በ2004 ወጥተዋል። ቀጥሎ የመጣው ጣጣ ከምቾት የተወለደ ነው፤ ረጅም የይለፍ ቃል መጻፍ ለሰለቸው ሰው «ደብሊው ፒ ኤስ» የሚባል፣ በባለ 8 አሃዝ ፒን የሚሠራ ዘዴ ተዘጋጀ። ስምንት አሃዝ 100 ሚሊዮን ምርጫ ሊሰጥ ይገባዋል። ነገር ግን የመጨረሻው አሃዝ ከቀደሙት ሰባት የሚሰላ ማረጋገጫ ነው፤ በዚያ ላይ ራውተሩ የመጀመሪያዎቹ አራት አሃዞች ትክክል መሆናቸውን ለብቻ ይናገራል። ስለዚህ 10,000 ሲደመር 1,000፣ በጠቅላላው 11,000 ሙከራ ይበቃል። ስቴፋን ፊበክ ይህን በታኅሣሥ 2011 ይፋ አደረገ። ራውተራችሁ ላይ ደብሊው ፒ ኤስ ካለ ዛሬውኑ አጥፉት።

ከሁሉም የማከብረው ግን የቤልጂጉን ማቲ ቫንሁፍን ነው። ደብሊው ፒ ኤ 2 አስቀድሞ የተጠቀመበትን ቁልፍ እንደገና እንዲጭን ማድረግ እንደሚቻል ደረሰበት። ግኝቱን በ2017 ክረምት ለአምራቾች አሳወቀ፤ መጠገኛው እስኪዘጋጅ ታግሦም በጥቅምት ለዓለም ተናገረ። በቀጣዩ ዓመት ደብሊው ፒ ኤ 3 መጣ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም ካሜራዎችንና ራውተሮችን በገፍ ሲይዝ የተጠቀመው ረቂቅ ስሌት አልነበረም፤ ከፋብሪካ ሲወጡ የተሰጧቸውን 60 ገደማ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ጥንዶች ብቻ ነበር የሞከረው። ስለዚህ የራውተሩን የማስተዳደሪያ ገጽ የይለፍ ቃል ቀይሩ፤ ይህ ከዋይፋዩ የይለፍ ቃል የተለየ ነው፣ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ደብሊው ፒ ኤ 3ን፣ ከሌለም ደብሊው ፒ ኤ 2ን ምረጡ። ሶፍትዌሩን አድሱ። ለእንግዳ የተለየ ኔትወርክ ክፈቱ።

የመፈተሹን ሙያ መማር ለምትፈልጉ ወጣቶች፦ የአገራችን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ አልፎ የሰው ኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ መግባትን ወንጀል አድርጎታል፤ «መማሬ ነው» ብላችሁ የጎረቤትን ዋይፋይ እንዳትነኩ። አሮጌ ራውተር ፈልጋችሁ ከሌላው ኔትወርክ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ በዌፕ ቆልፉት፣ ዋየርሻርክ በተባለው ፕሮግራም ፓኬቶቹን እያያችሁ የ24 ቢቱን ቁጥር ፈልጉ፣ የራሳችሁን ቁልፍ ኤርክራክ በተባለው ፕሮግራም አውጡ። ከዚያ ያገኛችሁትን፣ ሌላ ሰው እንዴት ደግሞ ሊሞክረው እንደሚችልና እንዴት እንደሚጠገን አጥርታችሁ ጻፉ።