ስለ ጆሮ አሠራርና ስለ ጆሮ ሕመም
(በፎንቆ ለዕድራችን አባላት በዓመታዊው ጠቅላላ ስብሰባ የተነገረ)



በዛሬው ስብሰባ ስለ ጆሮ ጥቂት ቃል እንድናሰማ ኮሚቴው ጠይቆን በደስታ ተቀብለናል። ሐኪም አይደለንም። ዕድሜአችንን በመዝገብ ቤት ደብዳቤ ስንመዘግብና ስናስተላልፍ ቆይተን በጡረታ የተገለልን ነን። ቢሆንም ከጤና ባለሙያዎች ጠይቀን፣ ከመጻሕፍትም አንብበን የተረዳነውን እናቀርባለን።

ጆሮና ዕድር ምን አገናኛቸው? የሚል አይጠፋም። ዕድር የቆመው በጆሮ ነው እኮ! ሰው ሲያርፍ ጥሩንባ ነፊው ገና ሳይነጋ መንደሩን ይዞራል። የሰማ ይመጣል፤ ያልሰማ ይቀራል። የቀረ ደግሞ በደንቡ መሠረት ይቀጣል። ታዲያ ጆሮው የደከመ ሽማግሌ ጥሩንባው ሳይሰማው ቢቀር ጥፋቱ የማን ነው? ይህን ወደ መጨረሻው እናነሣዋለን። አስቀድመን አሠራሩን እንመልከት።

ጆሮ በሦስት ይከፈላል፤ የውጭ፣ የመካከለኛና የውስጥ ጆሮ ይባላሉ።

የውጭው ጆሮ ከራሳችን ግራና ቀኝ የምናየው አካልና ወደ ውስጥ የሚገባው ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው በትልቅ ሰው 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። በመጨረሻው ላይ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ ስስ ሽፋን አለ፤ የጆሮ ታምቡር የሚባለው እሱ ነው። ድምፅ ሲመታው ይርገበገባል።

ከታምቡሩ በስተጀርባ አየር ያለበት ጠባብ ክፍል ይገኛል፤ መካከለኛው ጆሮ ነው። በውስጡ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ተያይዘው አሉ። በቅርጻቸው መዶሻ፣ መስፍና እርካብ ተብለዋል። እርካብ የተባለው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በሰው አካል ካሉት አጥንቶች ሁሉ ትንሹ ነው። ደብዳቤ ከዘበኛ ወደ ተላላኪ፣ ከተላላኪ ወደ ጸሐፊ እንደሚደርስ ሁሉ፣ እነዚህም የታምቡሩን እንቅስቃሴ እየተቀባበሉ ወደ ውስጥ ያደርሳሉ። ከዚሁ ክፍል ከአፍንጫችን ጀርባ ወደ ጉሮሮ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ አለ። ምራቅ ስንውጥ ጆሮአችን ጧ የሚለው ይኸው ቱቦ ሲከፈት ነው። ይህን ቱቦ አስታውሱት፤ ብዙ ጣጣ የሚመጣው በሱ በኩል ነው።

የውስጥ ጆሮ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠማዘዘ፣ ፈሳሽ የሞላበት አካል ነው። በውስጡ በሺህ የሚቆጠሩ ፀጉር መሰል ጫፍ ያላቸው ሕዋሳት ይገኛሉ። እነሱ የመጣውን እንቅስቃሴ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ለውጠው፣ እንደ ቴሌግራም በነርቭ ወደ አንጎል ይልኩታል። እነዚህ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ በሰው ላይ ዳግመኛ አይበቅሉም። ከአጠገባቸው ደግሞ የአካላችንን ሚዛን የሚጠብቁ ሦስት ቀለበት መሰል ቱቦዎች አሉ። የውስጥ ጆሮ ሲታመም ምድር የሚዞርብን በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሕመሙ እንምጣ።

አንደኛ፣ ኩክ ነው። ኩክ ቆሻሻ አይደለም፤ አቧራና ጀርም ይይዛል፣ ቆዳውንም ያለሰልሳል። አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ቀስ እያለ ይወጣል። በክብሪት እንጨት፣ በመርፌ ቁልፍ ወይም በእስክሪብቶ ክዳን ስንጎረጉረው ግን ወደ ውስጥ ገፍተን እንደፍነዋለን፤ ታምቡሩንም እንበሳለን። ደርቆ ከደፈነ በጤና ጣቢያ ይወጣል።

ሁለተኛ፣ ከሁሉ የከፋብን የልጆች ጆሮ መምገል ነው። ያ ያስታወስናችሁ ቱቦ በሕፃን ላይ አጭርና ጋደም ያለ ነው። ልጅ ጉንፋን ሲይዘው ጀርሙ በቱቦው ወደ መካከለኛው ጆሮ ይገባል። መግል ይቋጥራል፣ ልጁ ያተኩሰዋል፣ ሌሊቱን ያለቅሳል። በመጨረሻም ታምቡሩ ይቀደድና መግሉ ይፈሳል። ሕመሙ ስለሚቀልለት ዳነ እንላለን። አልዳነም። በጊዜ ካልታከመ ፈሳሹ ወራትና ዓመታት ይቆያል። ብዙ ወላጅ «ሲያድግ ይተወዋል» ይላል። ሳይተወው ቀርቶ መስማት የተሳነው ስንት ነው!

ፈሳሹ 14 ቀንና ከዚያ በላይ ከቆየ ሥር ሰዷል ማለት ነው። የጤና ባለሙያዎች የሚመክሩት እንዲህ ነው። ንጹሕና ውኃ የሚመጥ ጨርቅ እንደ ክር ጠቅልሎ በጆሮው ውስጥ ማድረግ፣ ሲርስ አውጥቶ በሌላ መተካት፣ ጆሮው እስኪደርቅ መደጋገም፤ ይህንንም በቀን ሦስት ጊዜ ማድረግ። ከዚያ ባለሙያው ያዘዘውን ጠብታ መጨመር ነው። ዘይት፣ ወተት፣ የቅጠል ጭማቂ ወይም ሽንት መጨመር ፈጽሞ አይገባም። ከጆሮው ጀርባ ካበጠና ሲነካ ካመመ፣ ወይም አንገቱ ከገተረ፣ አንድ ቀን ማደር የለበትም። በሽታው ወደ አጥንትና ወደ አንጎል ሊደርስ ስለሚችል ጤና ጣቢያው ወደ ሆሳዕናው ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ይላከው።

መከላከያውም በእጃችን ነው። ኩፍኝ ጆሮን ያደነቁራል፤ ክትባቱ በ9 ወርና በ15 ወር ይሰጣል። በ2004 ዓ.ም. በአገራችን የተጀመረው የሳንባ ምች ክትባትም ጆሮን ከሚያመግሉት ጀርሞች አንዱን ይከላከላል። የእናት ጡትና ጭስ የሌለበት ቤትም ይረዳሉ።

ሦስተኛ፣ ጥፊ ነው። በጆሮ ግንድ ላይ ያረፈ ጥፊ ታምቡር ይቀዳል። ልጅ መቅጣት በጥፊ አይሁን ብለን አጥብቀን እናሳስባለን። ባቄላ ወይም አተር ጆሮው ውስጥ የከተተ ልጅ ካለም ውኃ አትጨምሩበት፤ ያብጣል። ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አራተኛ፣ መድኃኒትና ጩኸት ነው። ቀድሞ ለሳንባ ነቀርሳ ይሰጥ የነበረው ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መርፌ የአንዳንዱን ሰው ጆሮ ጎድቷል። መርፌ ጀምሮ ጆሮው የሚጮህበት ሰው ሳይውል ሳያድር ለሐኪሙ ይንገር። በወፍጮ ቤት የሚሠሩ ወንድሞቻችንም ጆሮአቸውን ይሸፍኑ። በክንድ ርቀት ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮኽ ካስፈለገ ድምፁ ጆሮን የሚጎዳ መሆኑን እወቁ።

አምስተኛ፣ እርጅና ነው። መጀመሪያ የሚደክመው ቀጭን ድምፅ የሚሰሙት ሕዋሳት ናቸው። ስለዚህ ሽማግሌው «ድምፅህን እሰማለሁ፣ ቃልህን ግን አልለይም» ይላል። የሕፃናት ድምፅ ያመልጠዋል። እኛ ደግሞ «የሚፈልገውን ሲሆን ይሰማል» ብለን እናማዋለን! ጩኸት አይጠቅመውም፤ ፊት ለፊት ሆኖ ረጋ ብሎ መናገር ነው የሚጠቅመው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ1.5 ቢሊዮን የሚበልጥ ሰው በተለያየ ደረጃ የመስማት ችግር እንዳለበት ገልጿል። በልጆች ላይ ከሚደርሰው ውስጥ 60 ከመቶ ያህሉን መከላከል እንደሚቻልም አስታውቋል። ከመወለዱ ጀምሮ የማይሰማ ልጅ ያላችሁ ደግሞ ቤት አትደብቁት። ልጁ ሞኝ አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። በሆሳዕና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ያቋቋመችው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት አለ፤ በምልክት ቋንቋ ይማራሉ።

እንግዲህ ወደ ጥሩንባው እንመለስ። ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ጆሮአቸው የደከመ አባላት በመዝገብ ይያዙ። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ጎረቤት ይመደብና ጥሩንባ ሲነፋ በራቸውን ያንኳኳ፤ ጎረቤቱ ሳያንኳኳ ቢቀር አዛውንቱ እንዳይቀጡ። ሦስተኛ፣ በስብሰባ ጊዜ ከፊት ይቀመጡ፤ ውሳኔም ሲተላለፍ በቅርብ ሆኖ የሚነግራቸው ሰው ይኑር። ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ገጽ መዝገብና የጎረቤት እጅ ብቻ ነው።

ዱሮ አዋጅ ሲነገር «ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባል ነበር። የዕድር ሥራ ይኸው ነው።