ለአሮጌዎቹ ኮምፒዩተሮቻችን ምን ዓይነት ኤስ ኤስ ዲ ይገዛ?

(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ ንግግር)



ለበዓሉ ከተዋጣው ገንዘብ በተረፈው ምን ይገዛ? በሚለው ጥያቄ ላይ ሁለት አሳብ ቀርቦአል። አንደኛው፥ አንድ አዲስ ኮምፒዩተር ይገዛ የሚል ነው። ሁለተኛው የእኛ ነው፤ ይኸውም የስድስቱ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ሃርድ ዲስክ እየወጣ በምትኩ ኤስ ኤስ ዲ ይግባላቸው የሚል ነው። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ስለ ጀመረ፥ አንድ ልጅ በአዲስ ማሽን ከሚለማመድ ስድስት ልጆች በአሮጌው ቢለማመዱ ይሻላል ብለን ነው።

አሮጌ ኮምፒዩተር እንዲዘገይ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ሃርድ ዲስኩ ነው። ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ሳሕን አለው፤ የሚያነበውም ራስ ሳሕኑን ሳይነካ በስስ አየር ላይ ተንሳፎ ይሄዳል። አየሩ ከሳሳ ራሱ ሳሕኑን ሊነካ ይችላልና፥ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ከ3,048 ሜትር ከፍታ በላይ እንዳይሠራበት በመመሪያቸው ይጽፋሉ። አምቦ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለ ሆነች ይህ አያሳስባትም። የወንጪ ተራራ ጫፍ ግን ከ3,300 ሜትር ያልፋል! ሽቅብ ስንወጣ ትንፋሽ የሚያጥረን እኛን ብቻ አይደለም ማለት ነው። ኤስ ኤስ ዲ ግን የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው አየር አይፈልግም፥ የመንገድ መንገጫገጭም እምብዛም አይጎዳውም። ጽሑፉን የሚይዘው በፍላሽ ሚሞሪ ነው፤ ይህንንም በቶሺባ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ፈለሰፉት። ሃርድ ዲስክ ከሳሕኑ ላይ አንድ ነገር ፈልጎ ለማግኘት 10 ሚሊሰከንድ ያህል ሲፈጅበት፥ ኤስ ኤስ ዲ ከዚህ መቶኛ እጅ በሚያህል ጊዜ ያገኘዋል።

ገበያ ስንወጣ ሻጩ አስቀድሞ የሚነግረን ፍጥነቱን ነው። እኛ ግን አስቀድመን የምንጠይቀው መግቢያውን ነው። የእኛ ማሽኖች የሚቀበሉት ሳታ የተባለውን 2.5 ኢንቹን ብቻ ነው፤ ፍጥነቱም በሰከንድ ከ550 ሜጋባይት እምብዛም አያልፍም። ኤን ቪ ኤም ኢ የተባለው 3,500 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል፤ ነገር ግን የማይገባ ነገር ምን ይጠቅመናል? ኤም ዶት ቱ የሚባለው ቅርጽ ደግሞ ያሳስታል፤ ሳታም ኤን ቪ ኤም ኢም በዚያው ቅርጽ ይሠራሉና መልኩን ብቻ አይቶ መግዛት አይገባም።

ስለ መጠኑ ብዙ አንጨነቅ፤ ለአንድ ማሽን 256 ጊጋባይት ይበቃል። ያልቃል ብለው ለሚፈሩት አንድ ምሳሌ እንስጥ። የሳምሰንግ 870 ኢቮ ባለ 500 ጊጋባይቱ የአምስት ዓመት ዋስትና ያለው እስከ 300 ቴራባይት ለመጻፍ ነው። ይህ ሲካፈል በየቀኑ ከ160 ጊጋባይት በላይ ይሆናል። መልመጃ የሚሠራ ተማሪ ይህን ከየት አምጥቶ ይጽፈዋል? ይልቅስ የሚያስፈራው በእጅግ ርካሽ ዋጋ 2 ቴራባይት ነው ተብሎ የሚሸጠው ሐሰተኛ ዕቃ ነው። ከላይ የተጻፈውን ያሳያል፥ ውስጡ ግን ባዶ ነው። መፈተኛው እስከ አፉ ሞልቶ የተጻፈውን መልሶ ማንበብ ነው፤ ሻጩ ይህን እስክናደርግ ድረስ ለመመለስ ካልተስማማ ገንዘባችንን ይዘን እንመለስ።

ኤስ ኤስ ዲ የማያድነውም ሕመም አለ። ዊንዶውስ 10 ነጻ የደኅንነት ማሻሻያ ማግኘቱ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቶአል፤ አሮጌዎቹ ማሽኖች ደግሞ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን አያሟሉም። ስለዚህ ያለ ዋጋ የሚገኘው ሊኑክስ ይጫንባቸው እንላለን። ደግሞም ሃርድ ዲስክ ሊሞት ሲል ብዙ ጊዜ ይንኳኳል፤ ኤስ ኤስ ዲ ግን ሳይናገር ሊሞት ይችላልና፥ መብራት በሚጠፋበት አገራችን የሥራችን ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ቦታ ይቀመጥ።

ስድስቱ ባንድ ቀን ይገዙ አንልም። አንድ ብቻ ተገዝቶ በጣም በሚዘገየው ማሽን ውስጥ ይግባ፤ ከመነሻው እስኪከፈት የሚፈጀውን ጊዜ መምህራችን በሰዓት ይያዙልን፤ ከዚያ በኋላ የወላጆች ስብሰባ ይወስን። ለዛሬው ግን የአንዱን ማሽን ክዳን ስለ ፈታነው፥ መግቢያውን በዓይኑ ለማየት የሚወድ ሁሉ ወደ ኮምፒዩተሩ ክፍል ይምጣ።