ስለ ፍሊክስቦሮ መንደር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ፍሊክስቦሮ ስለምትባል አንዲት ትንሽ የእንግሊዝ አገር መንደር ነው። ስለ ለንደን ወይም ስለ ኦክስፎርድ ቢሆን ኖሮ ከእኔ ይልቅ የምታውቁ ብዙዎች ናችሁ። ይህችን መንደር ግን ከአገሯ ሰዎችም አብዛኞቹ የሚያስታውሷት በአንድ ክፉ ቀን ምክንያት ነው። ዘንድሮ ትምህርታቸውን ከሚጨርሱት መካከል መሐንዲስ ለመሆን የምንመኝ ጥቂቶች ስላልሆንን፥ ነገሩ እኛንም የሚመለከት መስሎ ታየኝ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እናገራለሁ።

ፍሊክስቦሮ የምትገኘው በሊንከንሺር፥ ከትሬንት ወንዝ በስተ ምሥራቅ ነው። በአጠገቧ ስከንቶርፕ የተባለ የብረት ከተማ አለ። በዚያ አገር በ1859 ራውላንድ ዊን የተባለ ባለ ርስት ከመሬቱ ሥር ብረት ያለበት ድንጋይ መኖሩን ስለ ተረዳ፥ ማዕድኑ ይቈፈር፥ የማቅለጫ ምድጃም ይተከል ጀመር። ከዚያ በፊት የገበሬ መንደሮች የነበሩት አምስት ስፍራዎች እያደጉ ሄደው አንድ ከተማ ሆኑ። በኋላ ዘመን ለአራቱ ታላላቅ ምድጃዎች የንግሥታት ስም ወጣላቸው፤ ሜሪ፥ ቤስ፥ አንና ቪክቶሪያ ተባሉ። ለእሳት ጕድጓድ የንግሥት ስም መስጠት ለእኛ እንግዳ ነገር ነው። ፍሊክስቦሮ ግን ከዚህ ሁሉ ጢስ አጠገብ ሆና ትንሽ እንደ ሆነች ቀረች።

ትንሽ ትሁን እንጂ ጥንታዊት ናት። በ1989 አሸዋ ሊወጣበት በታሰበ ስፍራ ላይ የጥንት ታሪክ መርማሪዎች ቈፍረው፥ ነፋስ ባመጣው አሸዋ ተሸፍኖ የኖረ የሳክሶኖች መንደር አገኙ። ቍፋሮው እስከ 1991 ቈየ። ከዚያ የወጣው ዕቃ ብዙ ነው፤ የመስኮት መስታወት፥ ከባሕር ማዶ የመጣ ገንዘብና ሸክላ፥ የአናጢ መሣሪያም ተገኝቷል። እኔን ግን እጅግ ያስደነቀኝ የጽሕፈቱ ነገር ነው። በሰም ሰሌዳ ላይ የሚጻፍባቸው ሹል የብረት ብርዖች በብዛት ወጡ። የወንዶችና የሴቶች ሰባት ስም የተቀረጸበት የእርሳስ ሰሌዳም ተገኘ። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ በላዩ የላቲን ፊደል ከመጀመሪያው ጀምሮ እስከ ኤል ድረስ በተርታ የተጻፈበት የብር ቀለበት አለ። ሊቃውንቱ ስፍራው ገዳም ነበረ ወይስ የጌታ ግቢ ብለው ይከራከራሉ። ገዳምም ሆነ ግቢ፥ ከሺሕ ዓመት በፊት በዚያ የነበሩ ሰዎች ፊደልን እንደ ጌጥ በጣታቸው ያጠልቁት ነበር።

አሁን ወደ ክፉው ቀን ልምጣ። ከመንደሩ በታች ባለው ሜዳ፥ ከጎረቤቱ የብረት ፋብሪካ የከሰል ምድጃ ከሚተርፈው ነገር ማዳበሪያ የሚሠራ ፋብሪካ ነበረ። ከ1967 ወዲህ ግን ኒፕሮ የተባለ ኩባንያ በዚያ ካፕሮላክታም ይሠራ ጀመር፤ ይኸውም ናይሎን የሚፈተልበት ነገር ነው። ኩባንያው የሆላንድ መንግሥት የማዕድን ድርጅትና የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ቦርድ በሽርክና የያዙት ነበር።

በፋብሪካው ውስጥ ስድስት ታላላቅ የብረት ጋኖች በተርታ ቆመዋል። ፈሳሹ ከአንዱ ወደ ሌላው በራሱ እንዲወርድ፥ እያንዳንዱ ጋን ከፊተኛው ዐሥራ አራት ኢንች ዝቅ ብሎ ተተክሏል። በውስጣቸው ያለው ሳይክሎሄክሴን የሚባል፥ እንደ ቤንዚን የሚነድ ፈሳሽ ነው። ይህ ፈሳሽ በሜዳ ላይ በ81 ዲግሪ ይፈላል፤ በጋኖቹ ውስጥ ግን በብርቱ ግፊት ታፍኖ እስከ 155 ዲግሪ ይሞቅ ነበር። እንግዲህ ጋኑ ቢከፈት ፈሳሹ ወዲያው እንፋሎት እንደሚሆን ልብ በሉ።

በ1974 መጋቢት ወር አምስተኛው ጋን ስድስት ጫማ ያህል ተሰንጥቆ ተገኘ። ከላይ ይፈስበት የነበረው ማቀዝቀዣ ውሃ ናይትሬት ስለ ነበረበት ብረቱን በልቶት ኖሯል። ጋኑን አነሡት፤ ሥራው እንዳይቆም ግን አራተኛውን ከስድስተኛው ጋር በቧንቧ ለማገናኘት ተስማሙ። የጋኖቹ አፍ ሃያ ስምንት ኢንች ሲሆን የተገኘው ቧንቧ ሃያ ኢንች ነበረ። አንደኛው ጋን ከሁለተኛው ከፍ ያለ በመሆኑ ቧንቧውን ሁለት ጊዜ ጐበጥ አድርገው በያያዙት። በሁለቱም ጫፍ እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚለጠጥ መገጣጠሚያ ነበረው።

በፊዚክስ ክፍላችን ስለ ሞመንት የተማራችሁ ታስታውሳላችሁ። ቧንቧው ቀጥ ያለ ቢሆን ኖሮ ከሁለቱ ጫፍ የሚገፋው ኀይል ፊት ለፊት ይገጣጠም ነበር። ጐባጣ ስለ ሆነ ግን አንዱ ከላይ አንዱ ከታች እየገፋ ቧንቧውን ለማዞር ይታገላል። ይህን ሒሳብ ማንም አልሠራም። የፋብሪካው ዋና መሐንዲስ በዓመቱ መጀመሪያ ሥራውን ትቶ ሄዶ ነበር፤ በእርሱ ፈንታ ሌላ አልተተካም። ለቧንቧው የተሠራለት ንድፍ በፋብሪካው ወለል ላይ በጠመኔ የተሣለው ብቻ ነበረ። በወንጌል ግንብ ሊሠራ ስላሰበ ሰው የተነገረውን ስናነብ፥ ሒሳቡ የገንዘብ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ቧንቧው ሁለት ወር ያህል ሠራ። እንዲህ ያለው ነገር የሚያታልለው በዚህ ነው፤ ሁለት ወር የቆመውን ማን ይጠረጥረዋል?

ሰኔ ከገባ በመጀመሪያው ቀን፥ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 24 ቀን 1966 ዓ.ም. ቅዳሜ፥ ከቀኑ ለዐሥራ አንድ ሰዓት ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ቧንቧው ተበጠሰ። በብዙ ቶን የሚቈጠር እንፋሎት እንደ ደመና ወጣና እሳት ሲያገኘው ፈነዳ። ሃያ ስምንት ሠራተኞች ሞቱ። ከእነዚህ ዐሥራ ስምንቱ በመቈጣጠሪያ ክፍል የነበሩ ናቸው፤ ከዚያ ክፍል አንድም ሰው በሕይወት አልወጣም። እሳቱ ዐሥር ቀን ነደደ። በፍሊክስቦሮ ከ79 ቤቶች 72ቱ ተጎዱ፤ በአካባቢው ሁሉ የተጎዳው ከ1,800 ቤት በላይ ነው። ጽሕፈት ቤቱም ፈርሷል፤ ቅዳሜ ባይሆን ኖሮ ጸሓፊዎቹ ሁሉ በውስጡ በሆኑ ነበር።

መንግሥት ያቆመው መርማሪ ጉባኤ በ1975 ጥፋቱ ከዚያ ቧንቧ መሆኑን ገለጸ። አስቀድሞ የተበጠሰው ሌላ ቧንቧ ነው ብለው የተከራከሩም ነበሩ፤ ጠመኔው ላይ ያለው ንድፍ በቂ ነበር ያለ ግን የለም። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ኬሚካል የሚሠራበት መኪና ጥቂት እንኳ ቢለወጥ፥ እንደ አዲስ ተቈጥሮ ሒሳቡ እንዲሠራና እንዲጻፍ ይደረጋል።

ፋብሪካው እንደገና ተሠርቶ በ1981 ተዘጋ። ለሞቱት መታሰቢያ የነሐስ ዳክዬዎች ውሃ ላይ ሲያርፉ የሚያሳይ ሐውልት በ1977 ቆሞላቸው ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ ሐውልቱ ወደ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን ተዛወረ፤ በ1984 የፈረንጆች አዲስ ዓመት ሌሊት ግን ሌቦች ወሰዱት። ዳክዬዎቹ አልተገኙም። ሌቦቹ ሊያነሡት ያልቻሉት የድንጋይ መቆሚያው ነው፤ እርሱ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አለ፥ ሃያ ስምንቱም ስም ተጽፎበታል።