ለወረዳ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ምን ይዞ ይምጣ?
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ የመንዝ፥ የግሼና የመርሐቤቴ ልጆች ለዕረፍት ወደ አገራችን ስንገባ ሽማግሌዎች፥ «ነገ ምርጫ ቢመጣና እገሌ ምረጡኝ ቢለን፥ እናንተ የተማራችሁ፥ ምን ብለን እንጠይቀው?» ይሉናል። ብዙ ጊዜ መልስ አጥተን አቀርቅረናል። ዛሬ የምንናገረው ያንን ያልሰጠነውን መልስ ነው።

አስቀድመን ያለፈውን እናስታውስ። ለአውራጃዎች ራሳቸውን የማስተዳደር ሥልጣን የሚሰጥ ትእዛዝ በ1958 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ፓርላማው ሳያጸድቀው ቀረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 50፥ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጣል አለ። በ2005 ዓ.ም. የወረዳና የቀበሌ ምርጫ ተደረገ፤ በ2010 ዓ.ም. መደረግ የነበረበት ግን ተላለፈ። ቀጥሎ በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት፥ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በክልላችን ውስጥ ውጊያ ተነሣ። ምርጫ እንዲህ ሲርቅ ሕዝብ ጥያቄውን ይረሳል፤ ጥያቄውን የረሳ ሕዝብ ኮሮጆው ሲመጣ በዘመድና በድግስ ይመርጣል። ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቅ።

አንደኛ፥ የማይችለውን ተስፋ አይስጠን። ወረዳዎች ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ከክልሉ ጥቅል በጀት ይቀበላሉ፤ አብዛኛው ግን ለመምህራን፥ ለጤናና ለግብርና ሠራተኞች ደመወዝ ይውላል። በዚህ በጀት አስፋልት እዘረጋለሁ የሚል ሰው ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ» ነው። ከደመወዝ የተረፈችውን ጥቂት ገንዘብ የትኛውን ምንጭ ለማጎልበት፥ የየትኛውን ትምህርት ቤት ጣሪያ ለመክደን እንደሚያውላት ቀበሌውን በስም ጠርቶ ይንገረን።

ሁለተኛ፥ አገሩን ይወቅ። የመንዝ ደገኛ ገብሱን ከበልግ ዝናብ ይጠብቃል፤ በልግ ሲቀር ጎተራው ባዶ ነው። ኑሮውም በበጉ ላይ ነው፤ ሴቶች ሱፉን ይፈትላሉ፥ ወንዶች ባናውን ይሸምናሉ። በመርሐቤቴ የጀማን ሸለቆ ይዞ የሚኖረው ቆለኛ ደግሞ ማሽላ ያርሳል፤ ክረምት ወንዞች ሲሞሉ ነፍሰ ጡሯ ከጤና ጣቢያው ማዶ ትቀራለች። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ዕቅድ የሚያነብብልን ሰው፥ ከቢሮ የተሰጠውን ወረቀት አነበበ እንጂ አገሩን አላየም።

ሦስተኛ፥ «አይሆንም» ማለትንና መልስ መስጠትን ይወቅበት። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያሻንም። የጓሳን ሜዳ የአስቦና የጌራ ወገኖች በቄሮ ሥርዓት ለብዙ ዘመን ጠብቀውታል። የሥርዓቱን አለቆች ተጠቃሚው ራሱ ይመርጥ ነበር። ሜዳው በተከታታይ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ሲደርስ ይከፈታል፤ ደንቡን ያፈረሰ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ርስትን ሲሽር ቄሮውም ፈረሰ፥ ሜዳውም ተጎዳ። በኋላ ግን በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች ኮሚቴ አቁመው እንደገና ያዙት፤ የክልሉም መንግሥት የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ መሆኑን በሕግ አወቀላቸው። ወደ ድሮው እንመለስ ማለታችን አይደለም፤ በዚያ ሥርዓት የአባት ርስት የሌለው ሰው ድርሻ አልነበረውም። የምንወስደው ትምህርት ግን አለ። ይኸውም የተመረጠ ሰው ሥራው በሜዳ ላይ ይታይ ነበር። የወረዳው ተመራጭም በየሦስት ወሩ በገበያ ቀን ቆሞ፥ የገባውንና የወጣውን ገንዘብ ለሕዝቡ ያንብብ።

«ሰላም ሳይኖር ምርጫ ምን ያደርጋል?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እውነት አላቸው፤ በፍርሃት የተጣለ ካርድ ድምፅ አይባልም። ነገር ግን ሰላም በመጣ ማግስት ምን እንደምንጠይቅ የማናውቅ ከሆነ፥ ዳኝነቱን አሁንም ለድግሱ እንተወዋለን።

እኛም ከወቀሳ አንድንም። ስለ ሩቅ አገር ምክር ቤቶች ጽሑፍ ስናዘጋጅ፥ በገዛ ቀበሌያችን ስንት ምንጭ እንደ ደረቀ አልቆጠርንም። እንግዲህ ከመካከላችን ወደ አገሩ ለመግባት መንገድ የተከፈተለት ሁሉ፥ የቀበሌውን ምንጮች፥ የትምህርት ቤቱን ወንበሮችና የጤና ኬላውን መድኃኒት ቆጥሮ በደብተሩ ጽፎ ይምጣ። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁን አናቀረቅርም፤ ደብተራችንን እንገልጥላቸዋለን።