ኢሬቻ፦ ሃይማኖት ወይስ ባህል?

(ድምፅ፦ የታክሲ ረዳት «ሳሪስ! ሳሪስ!» እያለ ሲጣራ)

ላንቻ ነው ያለነው። ከዚህ ወደ መስቀል አደባባይ በእግር ሩቅ አይደለም። መስከረም 2012 ዓ.ም. የኦሮሞ የምስጋና በዓል የሆነው ኢሬቻ ዳግም በአዲስ አበባ ሲከበር ያ አካባቢ ነጭ በለበሰ ሕዝብ ተጥለቅልቆ ነበር። እርጥብ ሣርና አበባ የያዘው ሰው ውሃ ዳር ጎንበስ ይላል፤ ሣሩን ነክሮ ይረጫል፤ ክረምቱን በሰላም ላሻገረው ለዋቃ፣ ለፈጣሪ፣ ምስጋና ያቀርባል።

ታዲያ ይህ ሃይማኖት ነው ባህል? የኦሮሞ ባህላዊ እምነት የሆነው የዋቄፈና አማኝ «ጸሎቴ ነው» ይላል። አጠገቡ የቆመው ክርስቲያን ወይም ሙስሊም «የአባቶቼ ባህል ነው» ብሎ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሣሩ ግን አንድ ዓይነት ነው።

መልሱ «ሃይማኖት» የሚለውን ቃል በምንፈታበት መንገድ ይወሰናል። እንግሊዛዊው የአንትሮፖሎጂ ምሁር ኤድዋርድ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1871 ሃይማኖትን «በመንፈሳዊ ፍጡራን ማመን» ሲል ፈታው። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ኤሚል ዱርኬም እ.ኤ.አ. በ1912 ሥርዓቱንና በዙሪያው የሚሰባሰበውን ማኅበር ጨመረበት። የእኛው ቃል ወደ ታይለር ያደላል፤ «ሃይማኖት» እና «አመነ» ሥርወ ቃላቸው አንድ ነውና። ስለዚህ «ምን ታምናለህ?» ብለን እንጀምራለን። ለኢሬቻ ግን «ምን ታደርጋለህ? ከማን ጋር?» የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ያስኬዳል ባይ ነኝ።

በቁጥርም ቢሆን ነገሩ ቀላል አይደለም፤ የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ለአንድ ሰው አንድ ሃይማኖት ብቻ መዘገበ። «ባህላዊ» በሚለው ሥር የገባው 2.6 በመቶ ነበር። ውሃው ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ግን በዚያ ቁጥር ውስጥ አይገኝም።

አድማጮቻችን፣ ጎረቤትዎ ሣር ይዞ ሲወጣ ቢያዩ፣ ስም ከማውጣትዎ በፊት እስቲ እርሱን ራሱን ይጠይቁት።