«ሰበር» ስለሚባለው ቃል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የተሰማ ንግግር)



በዕረፍት ሰዓት አንድ ተማሪ እየሮጠ መጥቶ «ሰበር!» ቢል ሁላችንም ጆሮአችንን እናቀናለን። እናቶቻችን ግን «ምን ተሰበረ?» ብለው ይደነግጣሉ። ስለዚህ ቃሉ ከየት እንደ መጣ ጥቂት ልንናገር ወደድን።

አባቶቻችን ለዚህ ነገር ሁለት ቃል ነበራቸው። «ዜና» ከግእዙ «ዜነወ» የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ነገረ፣ አበሠረ ማለት ነው። የነገሥታት ታሪክም «ዜና መዋዕል» ይባላል። «ወሬ» ግን እውነቱም ሐሰቱም በአንድነት የሚጠራበት ነው። የመንግሥት ቃል ደግሞ ነጋሪት እየተጎሰመ ይታወጅ ነበር፤ በ1934 ዓ.ም. የተመሠረተው የሕግ ጋዜጣ «ነጋሪት ጋዜጣ» መባሉም ከዚህ የተነሣ ነው።

«ሰበር» እንግዲህ ኋላ የመጣ ነው። ሬዲዮና ቴሌቪዥን የተያዘውን ዝግጅት አቋርጠው የሚያሰሙትን ድንገተኛ ነገር «ሰበር ዜና» ይሉታል፤ አባባሉም ከእንግሊዝኛ የተተረጐመ ነው። እኛ ተማሪዎች «ዜና»ውን ትተን «ሰበር»ን ብቻ አስቀረን።

ይኸው ቃል በፍርድ ቤትም አለ። ሰበር ሰሚ ችሎት የመጨረሻ የተባለውን ፍርድ እንኳ ሊሽር ይችላል። ይህንም የሚያደርገው መዝገቡን መርምሮ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ሲያገኝ ነው። በግቢ ውስጥ ለሚጮኸው «ሰበር» ግን መርማሪ ዳኛ የለውም።

ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አስቀድሞ በመውጣቱ፣ ፈተናው ተቋርጦ ወደ ሌላ ጊዜ መተላለፉ እውነት ነበር። ስለዚህም በፈተና ሰሞን «ሰበር፤ ፈተናው ወጣ»፣ «ሰበር፤ ፈተናው ተራዘመ» የሚል ወሬ ቢነሣ ብዙ ሰው በቀላሉ ያምነዋል፤ አንድ ጊዜ የሆነው ለሐሰቱ ዋስ ይሆነዋልና። ያን ጊዜ ደብተሩን ዘግቶ የሚጎዳው ወሬውን ያመነው ተማሪ ነው፤ ያወራው ግን ተረስቶ ይቀራል። ወላጆችም የዓመት ልፋታቸውን ያጣሉ።

እኛ ዘንድሮ ተፈታኞች ነን። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» እንደሚባለው፣ «ሰበር!» የሚል ወንድማችንን «ማን ነገረህ? እርሱስ ከማን ሰማ?» ብለን እንጠይቀው። መልስ ካለው እናመሰግነዋለን፤ ከሌለው ወደ ጥናታችን እንመለስ። ታናናሾቻችንም ይህን ልማድ ከእኛ እንድትወርሱ አደራ እንላለን።